በሰው እንጨት ያስገባሁት ስለት

መዶሻው በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ከእጄ ሲወድቅ ሥራ አቆምኩ። የመጀመሪያው መሬት ላይ ወደቀ። ሁለተኛው ከታች ቆሞ ማገር ከሚያቀብለኝ ሰው ጆሮ በስንዝር አልፎ ወደቀ። ሰውየው ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። ከመሰላሉ ቀስ ብዬ ወርጄ ዕቃዬን በጆንያ ጠቀለልኩና «በቃኝ፣ የቀረውን እናንተ ጨርሱት» ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከሥራ የወጣሁት እንዲህ ነው። ሽኝት አልነበረም፤ ጡረታም የለም። የጭቃ ቤት ሠሪን ጡረታ የሚያወጣው መሥሪያ ቤት የለም።

አሁን የካ ሁሉ ብሎኬት ሆኗል። ቋሚ አቁሞ፣ ማገር መትቶ፣ ጭቃ መርጎ ቤት የሚሠራ ሰው ፈልጉ ብትባሉ አታገኙም። ልጄ «አባዬ፣ የምታውቀውን ጻፈው እንጂ» ብላ ደብተር ገዛችልኝ። ትምህርቴ ጥቂት ነው። ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልጀምር አባቴ ሞተና ወጣሁ። ስለዚህ ቃሉ እዚህም እዚያም ቢጣመምባችሁ እንደ እርጥብ ማገር ቁጠሩት።

የተወለድኩት ከእንጦጦ ማዶ በሱሉልታ በኩል ነው። በጃንሆይ ጊዜ፣ በሃምሳዎቹ መግቢያ ላይ፣ ጢሜ ገና ሲያቆጠቁጥ ወደ ከተማ ወረድኩ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን አቀበቱ ላይ ቤት የሚሠሩ ሰዎች አየሁና «ውሃ ልቅዳላችሁ?» አልኳቸው። አለቃቸው ኦቦ ቱፋ የሚባሉ ሰው ነበሩ። የካ ላይ ሲያርሱ የኖሩ ገበሬ ናቸው፤ መሬቱ ወደ ከተማ ሲገባ ሞፈራቸውን ጥለው መጥረቢያ ያዙ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝግ ያሉ ሰው። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ማነህ?»

«ተክሌ እባላለሁ።»

«ተክሌ፣ ያንን ጭቃ አሽትተው እስኪ።»

ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። «ምንም አይሸትም» አልኩ።

«እንግዲያው ገና ነው። ግባና እርገጠው። ሲሸትህ ትጠራኛለህ።»

ጭድ እየበተንኩ አምስት ቀን ረገጥኩት። በስድስተኛው ቀን አፍንጫዬን ይዤ ስሄድ ሰዉ ሁሉ ሳቀብኝ። ኦቦ ቱፋ ግን ጭቃውን በጣታቸው ቆንጥረው አዩና «አሁን ቤት ይሆናል» አሉ። ጭዱ ከጭቃው ጋር ካልበሰበሰ ምርጊቱ እንደማይያዝ የገባኝ ያን ቀን ነው። ሳይሸት የተመረገ ግድግዳ ሲደርቅ እንደ ዳቦ ቅርፊት ይነሣል።

ከእሳቸው ጋር ሰባት ዓመት ሠራሁ። መሐል ላይ ኮተቤ ለትምህርት ቤት ሕንፃ የቀን ሥራ ገብቼ ነበር። ካቦው ጠዋት ጠዋት በስም ይጠራናል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አውራ ጣታችንን ቀለም አስነክሮ ወረቀት ላይ ያስጫነናል። ደመወዙ ከኦቦ ቱፋ ይሻል ነበር። ግን ሲሚንቶ ስሸከም ውዬ ስገባ ምን እንደሠራሁ ለሰው የምነግረው አጣሁ። ተመልሼ ሄድኩ። ኦቦ ቱፋ ለምን ሄድክ ብለው አልጠየቁኝም። «ማገሩ እዚያ ነው» ብቻ አሉኝ።

አጣና ሲገዙ በመጥረቢያው ጀርባ መታ ያደርጉና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ደረቅ እንጨት ይጮሃል፤ እርጥብ ያጉረመርማል። «ባሕር ዛፍ ሁለት በጋ ካልደረቀ ሰው አይሸከምም» ይሉ ነበር። ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሚስማሩን ይተፋዋል፣ ግድግዳውን ይሰነጥቀዋል። ቋሚ ከመተከሉ በፊት መሬት የሚገባውን እግሩን በእሳት ይለበልቡታል፤ እንደ ከሰል እስኪጠቁር። ከዚያ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀቡታል። ምስጥም እርጥበትም የማይነካው እንዲህ ሲሆን ነው። ጉድጓዱ ክንድ ተኩል ይሆናል፤ ቋሚው ከገባ በኋላ ዙሪያውን በድንጋይ ይጠቀጠቃል። የመጀመሪያውን ቋሚ ሲያቆሙ ኮፍያቸውን አውልቀው በስመ አብ ይላሉ፤ የቤቱን ባለቤት በስሙ ይጠሩና ለእሱ ይጸልያሉ። የማይወዱት ሰው ቢሆንም ይጸልያሉ። አንድ ክፉ ባለቤት ነበረን፣ ጠዋት ማታ የሚሰድበን። ኦቦ ቱፋ ለእሱም ጸለዩ። ስንወጣ «ምን ብለው ጸለዩለት?» ብላቸው «ቶሎ ቤቱ እንዲገባ፤ እኛም ቶሎ እንድንገላገለው» አሉኝ።

በልማዱ የተረፈው ቁርጥራጭ እንጨት የአናጢው ነው። ማገዶ ነው፣ ይፈለጋል። እሳቸው ግን ወደ ቤታቸው ወስደው አያውቁም። ሥራው ያለቀ ዕለት ከሰፈሩ ማን እንደቸገረው ያጠያይቁና በሩ ላይ ከምረውት ይሄዳሉ። ሰውየው ወጥቶ እንዲያመሰግናቸው አይቆዩም። እኔም አንድ ቀን «ቢያንስ ማን እንደሰጣቸው ይወቁ እንጂ» አልኳቸው።

«ለምን?»

«ይመርቁዎታላ።»

«ያ ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ምርቃት ከፈለግህ እሱ ሥራ ነው፣ ዋጋው ነው። ስጦታ ግን ሌላ ነው።»

ሰማኋቸው እንጂ አልገባኝም። ቢገባኝ ኖሮ ቀጥሎ የምጽፈው ባልሆነ ነበር።

በራሴ መሥራት ጀመርኩ። ሚስት አገባሁ፤ ጥሩነሽ ትባላለች። ከፈረንሳይ ከፍ ብሎ ሁለት ክፍል ቤት ሠራሁ። እንጨቱን ራሴ መርጬ፣ ሦስት በጋ አድርቄ የሠራሁት ነበር። በሰፈሩ ስሜ ተጠራ። በዚህ ሥራ ከስም ሌላ ካፒታል የለም፤ ሰው «ተክሌ የሠራው ነው» ካለ ይበቃል።

ጥሩነሽ የመጀመሪያ ልጃችንን ስትወልድ ሁለት ቀን አማጠች። አዋላጅዋ ወጥታ አንገቷን ስትነቀንቅ እኔ እንጦጦ ወደ ኪዳነ ምሕረት ዞሬ መሬት ወደቅኩ። «እመቤቴ፣ ሚስቴንና ልጄን ከማርሽልኝ የሰንበቴያችንን ቤት በነፃ እሠራለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ሰንበቴ ማለት እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደብራችን ተሰብስበን በተራ ዳቦና ጠላ እያመጣን አብረን የምንቀምስበት፣ ለነዳያንም የምናካፍልበት ማኅበር ነው። ቤታችን ያረጀ ጎጆ ነበር። ሳይመሽ ሴት ልጅ ተወለደች፤ እናትየውም ተረፈች። ስለቴን ለማኅበሩ ሁሉ ተናገርኩ። ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት አደርሰዋለሁም አልኩ። ቀን መቁረጤ ትዕቢት ነበር፤ እመቤታችን ቀን አልቆረጠችብኝም።

እንግዲህ እትዬ ወርቄን ላስተዋውቃችሁ። ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ሴት ልጆች ያላት፣ ጥጥ ፈትላ የምትኖር ሴት ናት። የእሷ ድርና ማግ በሸማኔዎቹ ዘንድ የታወቀ ነበር፤ ቀጭን ነው፣ አይበጠስም። የኪራይ ቤት ኖራ ኖራ አንድ ዘመዷ ዳገቱ ላይ ቁራሽ መሬት ሰጣት። ከእንጦጦ አጣና ሲወርድ ባገኘች ቁጥር አንድ ወይ ሁለት ትገዛለች። ማስቀመጫ ስላልነበራት እኔ ጓሮ በአደራ አስቀመጠች። መሬት እንዳይነካው በድንጋይ ላይ ደረደርነው፣ ከላይ አሮጌ ቆርቆሮ አለበስነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣና እንዳይጣመም ታገላብጠዋለች። እያንዳንዱን ታውቀዋለች። «ይኼ የፋሲካው ነው፤ ይኼ ደግሞ ልጄ ኩፍኝ የታመመች ጊዜ የገዛሁት» ትላለች። እኔ ሳቅ ብዬ «እትዬ፣ ክርስትና ያንሱላቸው እንጂ» እላታለሁ። ሦስት በጋ እንዲህ ሄደ።

በጥር እናቷ ሞተው ለቀብር ሰላሌ ወረደች፤ ለተዝካሩም ቆየች። የካቲት ደረሰ። የእኔ ደረቅ እንጨት አልቋል። ገበያ ብወጣ ያለው ሁሉ ትናንት የተቆረጠ፣ ልጡ የሚያንጠባጥብ ነው። የማኅበሩ መሪ ሙሴ ይባላል፤ የእኛ ሙሴ አቶ ደምሴ ነበሩ። ባገኙኝ ቁጥር «ተክሌ፣ እመቤታችን እየጠበቀች ነው» ይሉኛል። ሰው ሁሉ በሚያየው ቤት ላይ እርጥብ እንጨት ማቆም አፈርኩ።

ጓሮ ወጣሁ። የእትዬ ወርቄን እንጨት በመጥረቢያ ጀርባ መታሁት። ጮኸ። አሁን ሳስበው ሌባ እንኳን ሲሰርቅ ይፈራል። እኔ ግን ለእግዚአብሔር ቤት ነው ብዬ አንዳች አልፈራሁም። «እንጨት በእንጨት እተካላታለሁ፣ ምን ይጎድልባታል?» አልኩ። አርባ ምናምን ቋሚ አውጥቼ የሰንበቴውን ቤት አቆምኩ። ለበዓሉም ደረሰ። ሙሴው በማኅበሩ ፊት አቅፈው ሳሙኝ፤ ከራስጌ፣ ከካህናቱ ቀጥሎ አስቀመጡኝ። ኦቦ ቱፋ ከኮተቤ መጥተው ቤቱን አዩ። ቋሚውን በመዳፋቸው ዳሰሱና «ጥሩ ደረቅ እንጨት ነው። ከየት አገኘኸው?» አሉኝ።

«ከገበያ» አልኩ።

ቋሚውን ደግመው ዳሰሱት።

እትዬ ወርቄ ከመመለሷ በፊት የእሷንም ቤት በነፃ ሠርቼ ልጨርስ ብዬ ተጣደፍኩ። በደግነት ሳይሆን እንጨቱን እንዳታየው ነው። እርጥቡን አጣና ልጬ ተከልኩት፤ እግሩን የምለበልብበት ጊዜ አልነበረኝም። ማገሩን መትቼ ቶሎ መረግሁት። ጭቃ ሁሉን ይሸፍናል። ከሰላሌ ስትመለስ ጣሪያው ቆርቆሮ ለብሶ፣ በሩ ተገጥሞ ጠበቃት። መሬት ተንበርክካ አለቀሰች። ትከሻዬን ሳመች።

«ወንድሜ ተክሌ፣ ለእናቴ ሳለቅስ ቤት ሠራህልኝ? እጅህ አይንቀጥቀጥ። ልጅህ ትደግልህ። ያንተ ቤት አይፍረስ።»

«አሜን» አልኩ።

ያን ዓመት ሰው ሁሉ ያመሰግነኝ ነበር። ለእግዚአብሔር የሠራ፣ ለመበለት የሠራ ተባልኩ። እኔ ግን ምግብ አልጥም አለኝ። ቅዳሴ ላይ ቆሜ ዓይኔ ቤተ መቅደሱን ትቶ ወደ ሰንበቴው ቤት ይሄዳል። የጎደለብኝ ምን እንደሆነ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ ማወቅ አልፈልግም ነበር።

በሐምሌ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ብርቱ ዝናብ ጣለ። እትዬ ወርቄ በር አጠገብ ቁጭ ብላ ትፈትላለች። በበጋው ቋሚዎቹ ሲደርቁ ተጣመው ግድግዳው ተሰንጥቆ ነበር። እሷ ስንጥቁን በጭቃ እየደፈነች ለእኔ እንኳን አልነገረችኝም፤ ነፃ ሥራ ላይ ስሞታ ነውር መስሏት። ውሃው በስንጥቁ ገባ፤ የዳገቱ በኩል ግድግዳ ወደ ውስጥ ተደረመሰ። ትንሿን ልጇን ገፍትራ ስታወጣ የበሩ ጉበን በቀኝ እጇ ላይ ወደቀ።

ጩኸቱን ሰምቼ ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። ጉበኑን አንሥተን አወጣናት። የተጨፈለቁ ጣቶቿን በጋቢዬ ጫፍ ጠቀለልኩ። እሷ ግን እኔን ታጽናናኝ ጀመር።

«አይዞህ ተክሌ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም። እግዜር ቢቆጣኝ ነው። አንተ የእሱን ቤት ስትሠራ እኔ አንድ አጣና እንኳን አልሰጠሁም። ለራሴ ሳከማች ከረምኩ። እሱን ነው የቀጣኝ።»

ይህን ስትል ከግድግዳው ይልቅ እኔ ብደረመስ በወደድኩ።

ወጌሻ አምጥተን እጇን ጠገናት። ሁለት ጣቶቿ ግን እንደማይታጠፉ ነገረን። ቀኝ እጅ ነው፤ እንዝርት የሚያሾረው እጅ። እሷንና ልጆቿን ወደ ቤቴ አመጣናቸው። በማግስቱ ኦቦ ቱፋ ወሬውን ሰምተው መጡ። ፍርስራሹ መሐል ገቡ፣ አንዱን የተሰበረ ቋሚ ከመሬት ነቀሉ። እግሩ ነጭ ነው፤ እሳት ያልነካው፣ መበስበስ የጀመረ። ስንጣሪ ገንጥለው አሸተቱና ለእኔ ሰጡኝ።

«አሽትተው።»

አሸተትኩ። ገና የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸታል።

«እሷ ሦስት በጋ ያደረቀችው የት ሄደ?»

ወደ ደብሩ በኩል አየሁ። መልስ ሳልሰጥ መለሱልኝ።

«ለዋቃ ሰጠኸው? የሰው ገንዘብ?» ዋቃ የሚሉት እግዜርን ነው።

«ስለት ነበረብኝ ኦቦ ቱፋ። በዓሉ ደረሰብኝ።»

«ዋቃ እርጥብ እንጨት አልቀበልም አለህ? ወይስ ሰው እንዳይስቅብህ?» ስንጣሪውን ከእጄ ተቀብለው ጣሉት። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «እኔ ነኝ ያስተማርኩህ። እግሩን መለብለብ አስተምሬሃለሁ። ሌላውን ግን ሳላስተምርህ ቀርቻለሁ መሰለኝ።» ከዚያ ኮፍያቸውን አድርገው ወረዱ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ነፍስ አባቴ ሄድኩ። ሁሉን ተናዘዝኩ። ብዙ ስግደት፣ ብዙ ጾም ያዙኛል ብዬ ነበር፤ ተመኝቼም ነበር እንጂ፤ ስግደት ቀላል ነው። እሳቸው መስቀላቸውን እያገላበጡ «ይኼን ሁሉ ለእሷ ነግረሃታል?» አሉኝ።

«አልነገርኳትም አባቴ።»

«እንግዲያው ገና አልተናዘዝክም። ለእሷ ንገራት፣ የወሰድከውን መልስ። ከዚያ ና፤ ቀኖናውን ያኔ እንነጋገራለን።»

በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በተበደለው ፊት ይቆማል። የተበደለው «ጣለው» ካለ ይቅር አለ ማለት ነው። ለመሠረት ካስቀመጥኩት ውስጥ ከባዱን መርጬ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወደ ገዛ ቤቴ ገባሁ። እትዬ ወርቄ መደብ ላይ ተቀምጣለች፤ እጇ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ምን ሆነሃል ተክሌ? ድንጋዩን ለምንድነው ቤት የምታስገባው?» አለችና ሳቅ አለች።

ቆሜ ነገርኳት። አንድም ሳላስቀር። ሳቋ ከፊቷ ሲወጣ አየሁት። «ጣለው» አላለችም።

«የፋሲካውንም?» አለች።

«የፋሲካውንም።»

«ልጄ ኩፍኝ የታመመች ጊዜ የገዛሁትንም?»

«እሱንም።»

«ስመርቅህ አሜን ብለሃል።»

«ብያለሁ።»

በደህናው እጇ የታመመው ላይ ያለውን ጨርቅ አጠበቀች። ድንጋዩ ከበደኝ። ከዚያ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ «እኔ ሳልሰጥ እንዴት ከእኔ ተቀበለ?» አለች። ቀና ብላ አየችኝ። «እኔኮ እግዜር የጠላኝ መስሎኝ ነበር። ይኼን ሁሉ ቀን ምን በድዬው ነው እያልኩ ሳለቅስ፣ አንተ እዚህ ግድግዳ ማዶ ነበርክ።»

ድንጋዩን ከአንዱ ትከሻዬ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

«አውርደው» አለች በመጨረሻ። «ይቅር ማለቴ ግን አይደለም። አንገትህ ተሰብሮ ባንድ ቤት ሁለት ድውይ እንዳንሆን ነው።»

ጥሩነሽ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ሁሉን ሰምታለች። ልጅቱን አቅፋ ወጣች።

«እኔ ለዳንኩበት የከፈለችው እሷ ናት?» አለችኝ። «እንጨቷን መልስላት።»

«ደረቅ እንጨት ከየት ላምጣ? ሁለት በጋ ይፈልጋል።»

«ደረቅ እንጨት ከፈለግህ ተደግፈኸው ቆመሃል» አለች።

ዞር ብዬ አየሁ። የቤታችን መካከለኛ ቋሚ ነበር።

ክረምት ጭቃ ስለማይደርቅ እስከ ጥቅምት ጠበቅን። እስከዚያ ስድስት ሰው በሁለት ክፍል ኖርን። እትዬ ወርቄ ከጥሩነሽ ጋር ትጫወታለች፤ ከእኔ ጋር ከደህና ዋልክ በቀር ቃል አትለዋወጥም። ጥቅምት ሲገባ ቤቴን ማፍረስ ጀመርኩ። ሰፈርተኛው ሊያይ መጣ። አንዱ «ተክሌ፣ ምስጥ በላህ እንዴ?» አለኝ። «አዎ፣ ግን ቤቱን አይደለም» አልኩት። የፈረንሳዩ ባለ ሱቅ ጋሽ ሰዒድ ያጎበጥኩትን አሮጌ ሚስማር ድንጋይ ላይ ሳቃና አዩኝና አንድ ካርቶን አዲስ ይዘው መጡ። «ጋሽ ሰዒድ፣ ይኼ የእኔ ዕዳ ነው፤ ራሴ ላቃናው» ብላቸው «የሠራኸውን ከጥሩነሽ ሰምቻለሁ። ጥፋቱ ያንተ፣ ሚስማሩ የእኔ። አላህ ዘንድ ሁላችንም ድርሻ እንፈልጋለን» ብለው አስቀምጠውት ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ኦቦ ቱፋ ሳልጠራቸው መጡ። መጥረቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። የእያንዳንዱን ቋሚ እግር አብረን እንደገና ለበለብን፣ ዘይት ቀባን። የእትዬ ወርቄን የመጀመሪያ ቋሚ ስናቆም ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ እኔ ዞሩና «አንተ ጸልይላት» አሉኝ። ስሟን ጠርቼ ጸለይኩ። ሌላ የምለው ስላጣሁ እጇን፣ ጣቶቿን፣ አንድ በአንድ ጠራሁ። እንዲያ ያለ ጸሎት ከዚያ በፊት ጸልዬ አላውቅም።

ምን ልበላችሁ፤ ቤቴ ፈርሶ፣ ወንዝ ዳር አንዲት የኪራይ ክፍል ገብተን ያደርኩት እንቅልፍ የሰንበቴውን ቤት ካስመረቅኩ ጀምሮ አግኝቼው የማላውቀው ነው። ልቤ ሞላ። ያለኝ ሁሉ ጎድሎ ልቤ መሙላቱን ራሴም አላምን ብዬ ጥሩነሽን ቀስቅሼ ነገርኳት። «ተኛ እባክህ» አለችኝ።

የቀረው ማኅበሩ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነሥቼ ቋሚዎቹ የማን እንደሆኑ ተናገርኩ። ሁከት ሆነ። ሙሴው አቶ ደምሴ ጽዋቸውን አስቀመጡ።

«በተሰረቀ እንጨት ሥር ነው ጸበል ጸዲቅ ስንቀምስ የከረምነው?»

«ይፍረስ!» ያለም ነበር። ሌላው «ተክሌ እንደሁ ማፍረስ ለምዷል» አለ። የነፍስ አባቴ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸውና «ባለቤቷ እያለች እኛ ምን አንጫጫን?» አሉ። እትዬ ወርቄ ከሴቶቹ መሐል ተነሣች። የታሰረ እጇን በነጠላዋ ደብቃ ነበር።

«ቋሚዎቹ የእኔ ናቸው አይደል?»

«ያንቺ ናቸው» አሉ ሙሴው።

«ተክሌ ቤት መልሶልኛል። ስለዚህ እነዚህን ብወስድ እወስዳለሁ፣ ብተው እተዋለሁ።» አንዱን ቋሚ በግራ እጇ ነካችው። የትኛው እንደሆነ እሷ ታውቃለች። «እንግዲያው ዛሬ ሰጥቻለሁ። እስከ ዛሬ አልሰጠሁም ነበር፤ ዛሬ ሰጠሁ።»

ሰዉ እልል ሊል ሲል «ቆዩ፣ አልጨረስኩም» አለች። «ከእሑድ እስከ እሑድ ተቆልፎ ለሚውል ቤት አልሰጥም። ክረምት ቤቱ የሚያፈስበት፣ የሚፈርስበት ሰው ይጠለልበት።»

አቶ ደምሴ ከንፈራቸውን መጠጡ። «እትዬ ወርቄ፣ ይኼኮ የማኅበር ቤት ነው። ልጅ ይንጫጫበታል፣ ልብስ ይሰጣበታል።»

«እሺ፣ ቋሚዎቼን ልንቀል?»

መጀመሪያ የሳቁት ካህናቱ ናቸው። እልልታው ከዚያ ቀጠለ። ስለቴ የገባው ያን ቀን ነው፤ ያስገባችው ደግሞ እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቤት ሠርቻለሁ፤ እስከ የካ ሚካኤል፣ እስከ ኮተቤ ድረስ። የተረፈውን እንጨት ወደ ቤቴ ወስጄ አላውቅም። የራሴንም ቤት ከስድስት ዓመት በኋላ ሠራሁ። እትዬ ወርቄ በግራ እጇ መፍተል ተማረች። ድርና ማጉ እንደ ድሮው አልቀጠነም፤ ግን አልተበጠሰም። ኦቦ ቱፋ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። ሰው እርካታ የሚያገኘው በምንድነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ ቃል አሳምሬ መመለስ አልችልም። እትዬ ወርቄ ቋሚዎቿን ከሰጠች በኋላ በመጣው ክረምት የሆነውን ግን ልንገራችሁ።

በነሐሴ ወንዙ ሞልቶ የኪራይ ክፍላችን ገባ። እቃችንን አልጋ ላይ ከምረን፣ ልጅቱን ከላይ አስቀምጠን ቆመናል። ጥሩነሽ «ወደ ሰንበቴው ቤት እንሂድ» ትላለች፤ እኔ እንቢ አልኩ። እዚያ ከራስጌ መቀመጤን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ፍራሼን ተሸክሜ በምን ዓይኔ እገባለሁ? በዚህ ስንከራከር እትዬ ወርቄ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ውሃውን እየረገጠች በበር ገባች።

«ልጅቱን ስጡኝ።»

«እትዬ፣ እኛ ደህና ነን» አልኩ።

ውሃው ጉልበቴ ጋ ደርሷል። ወደ ታች አየችና ወደ እኔ ቀና አለች። «ደህና ነህ ወይ አልኩህ? ልጅቱን ስጡኝ ነው ያልኩት። ቦታ ይዤላችኋለሁ።»

ልጄን በግራ ክንዷ ታቅፋ ወጣች፤ ተከተልናት። በሰንበቴው ቤት አራት ቤተሰብ ገብቷል። ልብስ ተሰጥቷል፣ ልጅ ይንጫጫል፤ አቶ ደምሴ ራሳቸው ጥግ ላይ ለአሮጊት ሣር ያነጥፋሉ። እትዬ ወርቄ ከግድግዳው ሥር ምንጣፍ ዘረጋችልን፤ የእሷና የልጆቿም አጠገቡ ነበር። ለእኛ ስትል ቤቷን ትታ መጥታ ነው እንጂ የእሷስ አላፈሰሰም። ተቀመጥኩ። ዳቦ ቆርሳ በዚያ በማይታጠፈው እጇ ሰጠችኝ፤ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ከዚያ ዓመት ሙሉ ያልደፈርኩትን ጠየቅኳት።

«እትዬ፣ ይቅር ብለውኛል?»

«አንተ ደግሞ» አለች፤ ለልጄ ነጠላዋን እያለበሰች። «ካላልኩህ አጠገቤ አነጥፍልህ ነበር?»

በሩ ተንኳኳ። አንድ ሰው ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን አስከትሎ፣ ውሃ እያንጠባጠበ ቆሟል፤ መሙላቱን አይቶ ሊመለስ ዞረ። ተነሥቼ ክንዱን ያዝኩት።

«ጥሩዬ፣ ጠጋ በይ» አልኩ። «ግቡ፣ ይበቃናል።»